ማን ልበል?

ወዳለፈ ዘመን ስልክ መደወል ከተቻለ ወዲህ፣ ዕድሉ ለሰው በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው፤ ክፍያውም አንድ ትዝታ። ትርሲት የሽሮ አሠራሯን ከፈለችና፣ ሰው ጨረቃን በረገጠበት ቀን ቅድመ አያቷ ምን ይሉ እንደነበር ልትሰማ ደወለች። ግን በእኛ አቆጣጠር 1961 ማስገባት ሲገባት የፈረንጁን 1969 አስገባች።

«አባባ ውብሸት፣ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ አሉ?»

«ይሄ ወሬ እኮ ስምንት ዓመቱ ነው! እኔ ዛሬ ሴት ልጅ ተወልዳልኝ ስም ጠፍቶኛል። ለመሆኑ ማን ልበል?»

«ትርሲት።»

«ሲያምር! በቃ፣ ልጄም ትርሲት ትባል!» መስመሩ ተቋረጠ።

ባሏ ደረቅ ዳቦውን እያኘከ፣ «ሽሮዬም ቀረ፣ ጥሪውም ባከነ» አለ።

«ምኑ ባከነ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። «በአያቴ ስም ተጠራሁ ስል ኖሬ፣ ለካ ለእሷ ስም ያወጣሁላት እኔው ነኝ!»