የችፑዱ ግድግዳ

«አንቺ ልጅ፣ ከእግዜር ጋር ተኳርፋችኋል እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና አትልም። በሯን ሳያንኳኩ የሚገቡት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፣ ጎረቤቷ አሮጊት። ፊት ለፊት ሲሆን እማማ፣ ዞር ሲሉ ደግሞ ሬዲዮ ነው ስማቸው።

«ምን ሰሙ ደግሞ እማማ?»

«ምንም! ነገሩም እሱ ነው፣ ምንም አልሰማሁ።» የጨርቁን ክምር በዳሌያቸው ገፋ አድርገው ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ይላሉ። «ወር ሊሞላኝ ነው።»

ሁለቱን ቤት የሚለየው ስስ የችፑድ ግድግዳ ነው። እዚህ ሲያስነጥሱ ከዚያ በኩል «ይማርሽ» ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ይሄን ታውቃለች። ጸሎቷም እንደ ማስነጠሷ ይሻገራል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ፊቷ ቲማቲም ይመስላል።

«ያዳምጡኝ ነበር?»

«ጆሮ መዝጊያ የለው፣ ምን ላድርገው? ሦስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ባለ ሞተር የስፌት መኪና ስጠኝ ስትይ ሰምቻለሁ። የድሮውን ስትረግጪ እግርሽ እንዴት እንደሚያብጥ ሁሉ አውቃለሁ። አንድ ቀንማ ቀለሙንም መረጥሽለት!»

«ኧረ ይተዉኝ እማማ!» ሳቋ ያመልጣታል። እጇ ግን አያርፍም፣ ኮሌታው በመርፌው ስር ይሮጣል። ሃምሳ የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ከቀትር በፊት ካላለቀ ያዘዛት ነጋዴ ሥራውን ለሌላ ሰፊ እሰጣለሁ ብሏል። «አሁን መኪናውም መጣ፣ ሥራውም መጣ። ምን ቀረኝ ብዬ ልለምን?»

«እኔ ስለ መኪና መች አወራሁሽ?» የአሮጊቷ ድምፅ ዝቅ ይላል። ሬዲዮ ዝቅ ብሎ ሲያወራ ሰምታ አታውቅም። «እኔ ጸሎቱን አልችልበትም፣ ልጄ። ብቻዬን ስጀምር ምላሴ ወደ ሰው ስም ይሄድብኛል። ያቺን ማማት፣ ያንን መርገም። አንቺ ስትጀምሪ ነው እኔም ከወዲያ ተንበርክኬ ‹አሜን› የምለው። መኪናው የመጣ ዕለት ዝም አልሽ፣ እኔም በዚያው ቀረሁ። ይኸው ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን አጥፌ ግድግዳ አያለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ መኪናው ሲመጣ «ተመስገን» ብላለች፤ ያውም ካርቶኑን እየቀደደች። ከዚያ ወዲህ እግሯ አላበጠም። ጠዋት ስትነሳ ግን ቤቱ እንግዳ እንደሄደበት ቤት ጭር ይልባታል፣ እሷም ቶሎ ብላ ሞተሩን ታስነሳበታለች።

እግሯን ከፔዳሉ ላይ ታነሳለች። መርፌው ኮሌታው ላይ እንደተሰካ ይቆማል።

«ነጋዴውስ?» ይላሉ አሮጊቷ፣ ቀድመው ብድግ ብለው።

«እሱ እንዳደረገው ያድርገው። ይሂዱ እማማ፣ ቦታዎን ይያዙ።»

በዚያ ጉልበታቸው ሮጡ ማለት ይቻላል። ከማዶ ወንበር ሲገፋ፣ ጉልበት ሲንቋቋ፣ ጉሮሮ ሲጠረግ ይሰማል።

ልብስ ሰፊዋ በክር ቁርጥራጩ መሃል ትንበረከካለች። አፏን ትከፍትና የሚለመን ነገር ትፈልጋለች። ታጣለች።

«ጌታዬ» ትላለች በመጨረሻ፣ «ዛሬ ለምንም አልመጣሁም። ናፍቀኸኝ ነው።»

መኪናው ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልኳ መጥራት ይጀምራል። ነጋዴው ነው። ስልኩ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እየተንሸራተተ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ይደርሳል። አትነሳም።

ከስልኩ ጩኸት በላይ፣ ችፑዱ «አሜን» ይላል።