የአቶ ማንደፍሮ ሙሾ

«‘ከአዋሽ ሙላት ሰባት ሰው አወጣ’ ብለው ማልቀስ አይችሉም፣ እማማ!» አለ የፊልም ኩባንያው ወኪል። «ሟቹ ጀብዱውን ለእኛ ሸጠዋል፤ ስማቸውን ደግሞ ለሌላ ኩባንያ።»

«ታዲያ ስምም ሥራም የሌለው ሰው ሞተ ልበል?» አሉ አልቃሿ ወይዘሮ የሺመቤት።

«‘ደግ ነበሩ’ ማለት ይቻላል። ደግነትን የገዛ የለም።»

የሟቹ ባለቤት እትዬ ዘርትሁን ከተቀመጡበት ተነሡ። ኩባንያዎቹ የፈጠራ ጀግና አልቆባቸው የእውነተኛ ሰው ጀብዱ መግዛት ከጀመሩ ወዲህ፣ አቶ ማንደፍሮ ውሉ ስለሚከለክላቸው በገዛ ቤታቸው እንኳ ያን የሙላት ቀን አንሥተው አያውቁም። ልጃቸው የአባቷን ታሪክ የምታውቀው ከፊልሙ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጀግናው ይበራል እንጂ አይዋኝም።

«በሕይወቱ አፉን ዘጋችሁት፤ ዛሬ እንኳ ይወደስ!» አሉ እትዬ ዘርትሁን።

«በሚቀጥለው ፊልም ገና በሕይወት አሉ እኮ፣» አለ ወኪሉ በትሕትና። «እንዲያውም ለቅሶውን ትንሽ ዝቅ ብታደርጉት...»

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ ጮኸበት። ዕድርተኛው ሁሉ ውሉን ሊተረጉም ተነሣ፤ አልቃሿም ሙሾውን ትተው ክርክሩ ውስጥ ገቡ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት እንዳያልፍ የሰጋው የዕድሩ ዳኛ ተሸካሚዎቹን በዓይኑ ጠቀሳቸው። አቶ ማንደፍሮም በጓሮ በር ወጡ።