ትርፍ ቁልፍ የሌለው ክፍል

ቁልፍ ሠሪው ጫማውን አውልቆ በእጁ አንጠልጥሎ፣ የሆቴሉን የእንጨት ደረጃ ጠርዝ ጠርዙን እየረገጠ ወጣ። መሃሉን የረገጡት እንደሆነ ይጮሃል። የሆቴሉ ባለቤት እያየችው በዋናው በር ወጥቶ፣ በጓሮ ዞሮ መመለሱ ነው። ሽማግሌ ሰው በጠራራ ፀሐይ ወደ ገዛ ክፍሉ እንደ ሌባ ሲያደባ ማን አየ? እሱ ግን ዛሬ ሌባውን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ ቆርጧል።

ገብቶ ከውስጥ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ጫማውን በሩ ሥር አኑሮ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ከፍቶ መዶሻውን አወጣ፤ ከዚያ ከቁም ሣጥኑ ጎን ያለችው ወንበር ላይ ትንፋሹን ውጦ ተቀመጠ። ቤቱ በአሮጌው ከተማ ካሉት ሁሉ አሮጌ ነው፤ በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ሆቴል ተብሏል። ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የሚያሰኝ ግድግዳ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከትናንት ወዲያ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሌባ የሰበረውን ቁልፍ ሲጠግን የኖረ ሰው በር አያምንም። ሲወጣ በበሩና በመቃኑ መሃል የክብሪት እንጨት ሻጥ አድርጎ ነበር፤ ሲመለስ እንጨቷን መሬት ላይ አገኛት። የጠፋ ነገር የለም፤ የመሣሪያ ቦርሳው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ትናንትም እንጨቷ ወድቃ ጠበቀችው። ጭራሽ ብርጭቆው ውሃ ተሞልቶ፣ የደም ግፊት ክኒኑ አጠገቡ ተቀምጧል። "ሊያደነዝዙኝ ነው!" ብሎ ውሃውን በመስኮት ደፋው። ከታች የሚያልፍ ሰው ሲራገም ሰማ።

ምስማር ላይ የሰቀላትን ሸሚዝ ሲያወርድ ደግሞ፣ ስንት ወር ተንጠልጥላ የከረመችው አዝራር ጥብቅ ተደርጋ ተሰፍታለች። አዝራር የሚሰፋ ሌባ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። ይኼኛው ከሌሎቹ የባሰ ነው ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት አላስችል ብሎት ለሆቴሉ ባለቤት ነገራት።

"እህቴ፣ ክፍሌ ሰው ይገባል።"

"በምን በኩል አባባ? ቁልፉን እዚህ ይተዉ ብልዎት እምቢ ብለው፣ በኪስዎ ይዘውት ይዞራሉ። የዚያ ክፍል ትርፍ ቁልፍ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። የምታጸዳዋን ልጅ እንኳ 'እሳቸውን ተያቸው' ብያታለሁ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እርስዎ ግን፣ እዚህ አገር ዘመድ የለዎትም እንዴ?"

"ማንም የለኝም።"

ምን አገባት? መዝገቧ ላይ የጻፈውም የሟች ወንድሙን ስም ነው።

ውሸቱን ነው፤ ሰው አለው። ከአሮጌው ከተማ ግንብ በር ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ውስጥ ልጁ ትኖራለች። ሰባት ዓመት አልተያዩም። እሱ ያልወደደውን ሰው ላግባ ስላለች፣ ከሥራ ሳትመለስ የቤቱን ቁልፍ ቀየረባት። መጥታ አንኳኳች። እሱ ውስጥ ተቀምጦ ይሰማል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖበት አልተነሣም። አንኳክታ፣ አንኳክታ ሄደች።

አሁን ያን የዘጋባትን በር የሚከፍት ቁልፍ በገዛ እጁ ቀርጾ አምጥቶላታል። በመሐረብ ጠቅልሎ ካልሲው ውስጥ ደብቆታል፤ ሌባው የሚያሳድደው እሱን ይመስለዋል። ሁለቱንም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከሰማያዊው በር ማዶ ሲገተር አመሸ። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቤቱ ውስጥ ሰው እንደሌለ እያየ እንኳ፣ ለማንኳኳት እጁ አልነሣ አለው።

ከውጭ ኮቴ ተሰማው። ደረጃው አልጮኸም፤ የሚመጣውም ሰው ጠርዝ ጠርዙን ያውቃል። ከበሩ ማዶ የጽዳት ባልዲ መሬት ላይ ሲያርፍ ሰማ። ቁልፍ ሠሪው መዶሻውን ጨበጠ።

ቁልፍ አልገባም፤ ሽቦም አልገባም። ትከሻ በሩን ተደገፈና ከነማጠፊያው ወደ ላይ አነሣው። ከዚያ መዳፍ፣ ከቁልፉ በላይ ሁለቴ። የቁልፉ ምላስ ሸርተት ብሎ ወጣ።

መዶሻውን ዝቅ አደረገ። ይኼ ከመንገድ የሚለመድ ሙያ አይደለም። ማጠፊያው የላላ አሮጌ በር እንዲህ እንደሚከፈት ለእሱ ያሳየው አባቱ ነው። እሱ ደግሞ ለገዛ ልጁ ብቻ፣ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለች አሳያት። "ቁልፍ ጠፋብኝ ተብሎ ደጅ አይታደርም" እያለ፣ በገዛ ቤታቸው በር ላይ ትከሻዋን አስደግፎ አስተማራት።

በዚያው በር ላይ። የቀየረው ቁልፉን ብቻ ነበር፤ ማጠፊያውን አልነካውም።

ያን ቀን መግባት ትችል ነበር። አንዴ ትከሻ፣ ሁለቴ መዳፍ፣ ገብታ አልጋዋ ላይ ትተኛ ነበር። ግን አልከፈተችም። ስታንኳኳ የቆየችው አባቷ ተነሥቶ እንዲከፍትላት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ይኼ ሳይገባው ኖሯል።

በሩ አንድ ጣት ያህል ተገርበብ ብሎ ቆመ። በክፍተቱ በኩል ወለሉ ላይ ያለው ጫማው ይታያል። ውጭ የቆመችውም አየችው። ከዚያ በሩ ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ ምላሱም ቤቱ ገብቶ ገጭ አለ።

ሄደች፣ አለ በልቡ።

ተንኳኳ።

መዶሻውን አልጋው ላይ ጥሎ ተነሣ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሩ ላይ ተደፋ። የአርባ ዓመት ቁልፍ ሠሪ ቀዳዳው ጠፋው።

"ቆይ ልጄ" አለ፣ ብረቱን በብረት እየቧጨረ። "እየከፈትኩ ነው። እንዳትሄጂ።"