የማይሰማ መጋጠሚያ

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነው። ምስል ተቆርጦ ሲቀጠል ድምፁ መጋጠሚያው ላይ «ጧ» ይላል፤ እሱ ግን ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ድምፁን ለቅጽበት ዝቅ እያደረገ ያለዝበዋል። «ያልለዘበ መጋጠሚያ ክሩ እንደተንጠለጠለ ልብስ ነው» ይላል።

አንድ ጠዋት ሚስቱ ቁርስ ላይ የትንሿን ልጃቸውን ፀጉር እየጎነጎነች፣ «ስማ፣ ዛሬ በጊዜ...» ስትል «ጧ» አለ። ሚስቱ ኮቷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። የልጅቷ ፀጉር ተጎንጉኖ አልቋል፤ የእሱም ሻይ ተጠጥቷል።

«ምን አልሽኝ?»

«ሁለቴ ነገርኩህ እኮ! ጆሮህን ሥራ ቦታ ረስተኸው መጣህ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ደረጃ ሲወርድ «ጧ» አለና ራሱን መንገድ ላይ አገኘው። ከመፍራቱ በፊት ተናደደ።

«ማነው ይሄ ጀማሪ? ማለዘብ እንኳ አይችልም?» ብሎ ጮክ ብሎ ተሳደበ።

ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሳምንቱን ሙሉ ጆሮውን አቁሞ ቢጠብቅም ምንም የለም። እፎይ ብሎ ለቁርስ ቀረበ፤ ሚስቱ ሻይ ቀዳችለት፤ ብርጭቆውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

እጁ ተጨማዷል። «ጧ» ያለ ነገር ግን የለም። ብርጭቆውን የያዘችው ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ናት፤ የሚስቱን ኮት ለብሳለች።

«አባዬ» አለችው፣ «ዛሬም እማዬን ስትጠብቅ ሻይህ ቀዘቀዘ።»