ስሟ የተጠራ ቀን

እጅጋየሁ ሚዶውን በሙሽራዋ አናት መሀል አሳልፋ ጸጉሩን ለሁለት ትከፍለዋለች። ናርዶስ እግሯ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ሠርጓ ነገ ነው። "ከእትዬ እጅጋየሁ በቀር ጸጉሬን ማንም አይነካውም" ብላ ስትለምን ሰንብታ፣ እሺ ያሰኘቻት ገና ዛሬ ጠዋት ነው።

ህሊና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታጠናው ሐዘንን ነው። አገሩን ለቆ የሚኖር ሰው ሲያዝን ማን እንደሚያጽናናው፣ አእምሮውን እንዳይስት ማን እንደሚይዘው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ጥናት ወደዚህ ዴም በሚባለው የሱዳን ሰፈር ውስጥ ወዳለው ግቢ ስትመጣ፣ የእጅጋየሁ አንድ ልጅ ዮርዳኖስ በወባ ከሞተች ብዙም አልቆየም ነበር። እጅጋየሁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። የሚጠይቃትን ሰው ዞር ብላም አላየችው። ጸጉር ሠሪ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ግን እስከ ዛሬ ሚዶ አልነካችም ነበር።

የያዛት የግቢው ሰው ነው። ሱዳናዊቷ ጎረቤቷ ሉጥፊያ ማታ ማታ ፍራሿን ተሸክማ መጥታ አጠገቧ ታድራለች። የልጅቷ አብሮ አደግ ናርዶስ ምሳ ታመጣለች፣ ሳትበላ ትታት አትሄድም። አንድ ነገር ግን ሁሉም ይጠነቀቃሉ፤ የልጅቷን ስም የሚያነሳ የለም። ህሊናንም የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ይዘው፣ "ስሟን እንዳትጠሪባት፣ ትታመምብናለች" ብለዋታል። ህሊናም ስሙን እየዘለለች ስትጠይቅ ከርማለች።

የእጅጋየሁ ጣቶች መጀመሪያ ላይ ፈዘዝ ብለው ነበር፤ አሁን ፈጥነዋል። አንዱ ጉንጉን አልቆ ሌላው ይጀመራል። ናርዶስን እንቅልፍ ያዳፋት ጀመር፣ አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል ይላል።

"ዮርዲ፣ ቀና በይ እንጂ" ትላለች እጅጋየሁ።

ሉጥፊያ ሻይ ልትቀዳ ያነሳችውን በራድ እንደያዘች ቀርታለች። የእጅጋየሁ ጣቶች ጸጉሩ ውስጥ እንዳሉ ቆመዋል።

"እሺ፣ እማማ" ትላለች ናርዶስ፣ አንገቷንም ቀና ታደርጋለች።

የእጅጋየሁ እንባ በጉንጯ ይወርዳል። እጇን ከጸጉሩ አታነሳም፣ እንባዋንም አትጠርግም። ህሊና ተነስታ ልትይዛት ይዳዳታል፤ ግን አትነሳም።

"እሷም እንዲሁ ነበረች" ትላለች እጅጋየሁ በመጨረሻ። "ሹሩባ ስሠራት አርፋ አትቀመጥልኝም።"

ሉጥፊያ በራዱን ቀስ አድርጋ ታስቀምጣለች። "ዋላሂ፣ አንዴማ ግማሽ ተሠርታ ጠፍታለች" ትላለች፣ በዚሁ ግቢ በለመደችው አማርኛ።

"መቼ?"

"ትንሽ ልጅ ሆና። አንቺ የጸጉር ክር ልትገዢ ገበያ ሄድሽ። እሷ ወጥታ ባሌ የሚነዳው ሪክሻ ላይ ቁጭ። 'ጃፋር፣ ያላ፣ አባይን አሳየኝ' አለችው። ይህን ልጅ ማን እምቢ ይላል? ቡሪ፣ ወንዙ ዳር ድረስ ወሰዳት። ግማሽ ራሷ ተሠርቷል፣ ግማሹ እንዲህ ቆሟል። መንገደኛው ሁሉ ይስቃል፣ እሷ እጇን ታወዛውዝለታለች።"

"እኔም አብሬያት ነበርኩ" ትላለች ናርዶስ ከታች፣ ሳቋን ልትይዘው እየሞከረች።

"አንቺም?"

"አንቺ ሳትመጪ መልሶ እዚሁ አስቀመጣቸው" ትላለች ሉጥፊያ። "'ለእማማ እንዳትነግሪብኝ' አለችኝ። ይኸው አልነገርኩም።"

እጅጋየሁ አንዴ ሉጥፊያን፣ አንዴ የናርዶስን አናት ታያለች። "እኔ ስመለስ እኮ ልክ እንደተውኳት ቁጭ ብላ ነበር" ትላለች። "ጎበዝ ልጅ ብዬ ስሜያታለሁ።"

ይህን ስትል ሳቅ ያመልጣታል። ሳቋ ወፈር ያለና ትንሽ የተሰነጠቀ ነው፤ ህሊና ሰምታው አታውቅም። ናርዶስም ሉጥፊያም ይከተሏታል፣ ህሊናም ሳታስበው አብራቸው ትስቃለች።

እጅጋየሁ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ አዲስ ጉንጉን ትጀምራለች።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" ትላታለች ሉጥፊያን። "ቀስ ብለሽ። ምን ለብሳ ነበር?"