የመካኒኩ አፍንጫ

ሽማግሌው መካኒክ የአሮጌውን ሞተር ሳይክል የቤንዚን ቱቦ ከካርቡራተሩ ጋር አገናኝቶ ቱቦውን ቆንጥጦ የሚይዘውን ፋሼታ በካቻቢቴ አጠበቀ። ከዚያም እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ አሸተተው። በአርባ ዓመት ሥራው የቤንዚን ፍሳሽ በአፍንጫው እንጂ በጨርቅ ፈልጎ አያውቅም።

«አሁን አያፈስም፤ አስነሳው» አለው ባለሞተሩን።

አብራው የምትሠራው ሴት ልጁን ግን ገና በር ላይ ሳለች ሽታው ሰነፈጣት። ፈጠን ብላ መጥታ ቁልፉን በመዳፏ ከለለችና በሌላው እጇ ከመጋጠሚያው ሥር ዳሰሰች። የረጠበ ጣቷን ለአባቷ አሳየችው። እሱም እጇን ይዞ ጣቷን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ደጋግሞ አሸተተ። ባለሞተሩ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

«ጉንፋን ይዞህ ነው፣ አባዬ» አለችው ቀስ ብላ።

«ጉንፋኑማ ዓመት አለፈው» አለና ካቻቢቴውን አቀበላት።