የቫኪዩሙ ከረጢት

የተጣሉ የአቧራ መሳቢያ ቫኪዩሞችን ከምናለሽ ተራ እየገዛሁ መጠገን የጀመርኩት ልጄ ዱንያ ዱባይ ተራ ገበያ ግርግር ውስጥ ከጠፋችብኝ ወዲህ ነው። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሥራው እጄንም ሐሳቤንም ይይዝልኛል።

ትናንት ከቁራሌው ከፉርቃን የገዛሁትን ዛሬ ፈታሁት። የአቧራ ከረጢቱን ጋዜጣ ላይ ስገለብጠው የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው የፀጉር መያዣ ወደቀ። የተሰበረ ክንፉን በቀይ ክር ያሰርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ዱንያ በጠፋችበት ዕለት ያደረገችው ይህንኑ ነበር።

እንደ ልማዴ በሩን ቆልፌ ወደ ፉርቃን ሮጥኩ።

«ከየትኛው ቤት ነው ያመጣኸው? በአላህ ንገረኝ!»

«ቀስ ይበሉ እንጂ እትዬ ሰዓደት፤ ከገዙ በኋላ ዋጋ ሊያስቀንሱኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። «ከእርስዎ ቤት ነዋ! ዕቃ የማመላልስበት ቤት ይጠፋኛል? ትናንት ጠዋት ‹ቁራሌው› እያልኩ ሳልፍ ልጅዎ በመስኮት አቀበለችኝ። መልሰው ሲገዙት ገርሞኝ ነበር።»

«ምን አለችህ?»

«‹እማዬ ልትጠይቅህ ስትመጣ፣ ሁለተኛ በሩን ቆልፋብኝ እንዳትወጣ ንገራት› አለችኝ።»

ቁልፉ እጄ ውስጥ ነበር።